ከ6/8 ወደ 4/4፣ ከ4/4 ወደ 12/8፦ ምትን ሳያበላሹ የመቀየር ዝርዝር መመሪያ

በ6/8 የሚሄድ የችክችካ ዘፈን በ4/4 እንደገና ልትሠሩ ሞክራችሁ ዜማው ተንገዳገደባችሁ? ወይስ ቀጥ ያለ የ4/4 ዜማ ወደ ችክችካ ልታመጡ ስትሉ ግጥሙ ከከበሮው ጋር አልገጥም አለ? ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከሒሳቡ በፊት ነው። አጻጻፍን መቀየር አንድ ሥራ ነው፤ ስሜትን መቀየር ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱን ሳይለይ የጀመረ ሰው መሃል ላይ ይጠፋዋል። ስለዚህ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱባቸው፤ አትዝለሉ።

ዝግጅት

የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም፦

- እርሳስና ላጲስ (እስክሪብቶ አይሆንም፤ ብዙ ታጠፋላችሁ)
- ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ)፤ ስልክ ላይ የሚጫነው ይበቃል
- የዘፈኑ ቅጂ ወይም ኖታ
- ድምፅ መቅጃ፣ እሱም ስልካችሁ
- ሁለት ቃላት፦ «ቡና» እና «አበባ»

በቃላቱ እንጀምር። ሜትሮኖሙን 80 ላይ አድርጉና በእግራችሁ አብራችሁ ምቱ። በእያንዳንዱ ምት አንድ ጊዜ «ቡና» በሉ። አንድ ምት፣ ሁለት እኩል ድምፅ። ይህ ቀላል ምት ነው፤ ሙዚቀኞች ሲምፕል ይሉታል። አሁን እግራችሁን ሳታፈጥኑ «አበባ» በሉ። አንድ ምት፣ ሦስት እኩል ድምፅ። ይህ ጥምር ምት ነው፤ ኮምፓውንድ የሚባለው።

ከዚያ አራት ጊዜ ቡና፣ አራት ጊዜ አበባ እያላችሁ ተመላለሱ። እግሩ ፍጥነቱን ከቀየረ ልምምዱ አልያዘም፤ ከመጀመሪያው ጀምሩ። ይህን በደንብ ሳትችሉ ወደ ወረቀት አትሂዱ። ከታች ያለው ነገር ሁሉ እነዚህ ሁለት ቃላት ላይ ነው የቆመው።

ደረጃ 1፦ ዋናውን ምት በእግር ፈልጉ

1. ወረቀቱን ገልብጡት። ዘፈኑን 30 ሰከንድ ያህል ስሙና እግራችሁ በራሱ የሚወርድበትን ቦታ ያዙ።
2. በእያንዳንዱ የእግር ምት ውስጥ መጀመሪያ ቡና፣ ቀጥሎ አበባ በሉ። ከከበሮው ወይም ከሃይሃቱ ጋር የሚገጥመው የትኛው ነው?
3. ከባድ ምቱ ተመልሶ እስኪመጣ እግራችሁ ስንት ጊዜ ወረደ? 2፣ 3 ወይስ 4? ቁጥሩን ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ 6/8 እና 3/4 አንድ አይደሉም። በሁለቱም ባር (ከከባድ ምት እስከ ከባድ ምት ያለው ክፍል) ውስጥ ስድስት ስምንተኛ ኖታ ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም በዚህ ነው። 3/4 «ቡና ቡና ቡና» ነው፣ ሦስት የእግር ምት። 6/8 «አበባ አበባ» ነው፣ ሁለት የእግር ምት።

ይህን የተማርኩት ሰው ፊት ተሳስቼ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ የሠርግ ባንድ ኖታ ጻፍኩ። ዘፈኑ ችክችካ ነበር። እኔ ስድስቱን ስምንተኛ ኖታዎች ቆጥሬ አናቱ ላይ 3/4 ብዬ ጻፍኩ። ዘፈኑን የማያውቀው ድራመር ወረቀቱን አምኖ ቫልስ (በሦስት የሚሄድ ጭፈራ) መታ። ቤዝ ተጫዋቹ ዘፈኑን ያውቀው ስለነበር በሁለት ሄደ። ለመጨፈር የተነሱት ሰዎች መሃል ላይ ቆመው እርስ በርስ ተያዩ። ጥፋቱ የተጫዋቾቹ አልነበረም፤ የወረቀቱ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ኖታዎቹን የሚያያይዘውን የላይኛውን መስመር ሳላይ ወረቀት አልሰጥም። በ6/8 ስምንተኛ ኖታዎች ሦስት ሦስት ሆነው ይያያዛሉ፤ በ3/4 ሁለት ሁለት ሆነው።

ደረጃ 2፦ የትኛውን ቅየራ ነው የምትፈልጉት?

ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው ለውጡን መስማት አለበት?

መልሱ «የለበትም» ከሆነ ሥራችሁ አጻጻፍን መቀየር ብቻ ነው። ድምፁ እንዳለ ይቀራል። ይህ የሚያስፈልገው ለምሳሌ ተጫዋቾቹ 2/4 ማንበብ ሲቀላቸው፣ ወይም ኮምፒውተር ላይ የተከፈተው ፕሮጀክት 4/4 ሆኖ ችክችካውን እዚያው ውስጥ ማስገባት ስትፈልጉ ነው። ወደ ደረጃ 5 የሚወስዳችሁ ይህ ነው።

መልሱ «አለበት» ከሆነ ስሜቱን ነው የምትቀይሩት። ችክችካው ቀጥ ይላል፣ ወይም ቀጥ ያለው ይወዛወዛል። ደረጃ 6 እና 7 ለዚህ ናቸው።

ውሳኔውን ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉት። እውነቴን ነው፣ ጻፉት። በደረጃ 5 ሕግ ጀምሮ በደረጃ 6 ሕግ የጨረሰ ኖታ ብዙ አይቻለሁ። ከግማሹ በኋላ ማንም አብሮ መጫወት አይችልም።

ደረጃ 3፦ ጥንዱን ምረጡ

- 2/4 ከ6/8 ጋር
- 3/4 ከ9/8 ጋር
- 4/4 ከ12/8 ጋር

ከቀላል ወደ ጥምር ስትሄዱ የላይኛውን ቁጥር በ3፣ የታችኛውን በ2 አባዙ። ስትመለሱ አካፍሉ። በዚሁ ሕግ 2/2 ከ6/4 ጋር ይጣመራል። የእግር ምቱ ቁጥር ፈጽሞ አይለወጥም፤ 6/8 እንደ 2/4 ሁለት የእግር ምት ነው ያለው።

ችክችካን ወደ 4/4 ስትወስዱ ሁለት የ6/8 ባር አንድ የ4/4 ባር ይሆናል። 16 ባር የነበረው 8 ባር ይሆናል። ሐረጉ 5 ወይም 7 ባር ከሆነ መጨረሻው ላይ ግማሽ ባር ይተርፋችኋል። እሱን በዕረፍት አትሙሉት፤ ዘፋኙ ያንን ዕረፍት አይጠብቅም። አንድ የ2/4 ባር አስገቡ፣ ወይም ሙሉውን ዘፈን በ2/4 ጻፉት።

5/8 እና 7/8 እዚህ አይገቡም። የእግር ምታቸው እኩል ስላልሆነ በዚህ ሕግ ብትቀይሯቸው ይሰበራሉ።

ደረጃ 4፦ ቴምፖውን (ፍጥነቱን) አስተካክሉ

ወረቀት ላይ ቀላል ነው። በ2/4 «ሩብ ኖታ = 120» የነበረው በ6/8 «ባለ ነጥብ ሩብ = 120» ይሆናል። ቁጥሩ ያው ነው፤ የሚለወጠው ከፊቱ ያለው ኖታ ብቻ ነው። «ስምንተኛ = 120» ብላችሁ ከጻፋችሁ ዘፈኑ በሦስት እጥፍ ይዘገያል።

ኮምፒውተር ላይ ግን ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ የሙዚቃ ፕሮግራሞች ፕሮጀክቱ 6/8 ቢሆንም ቴምፖውን የሚቆጥሩት በሩብ ኖታ ነው። ባለ ነጥብ ሩብ አንድ ተኩል ሩብ ስለሆነ፦

- ከ2/4 ወደ 6/8 ስትሄዱ ቴምፖውን በ1.5 አባዙ። 120 ወደ 180።
- ከ6/8 ወደ 2/4 ስትመለሱ በ1.5 አካፍሉ። 180 ወደ 120።

ትክክል መሆኑን በሰዓት አረጋግጡ። 2/4 በ120 ላይ አንድ ባር ልክ 1 ሰከንድ ነው። 6/8 በ180 ላይም አንድ ባር ልክ 1 ሰከንድ ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ ሌላ ምንም አትንኩ፤ ችግሩ እዚህ ነው። ኪቦርድ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የሚታየው ቁጥር የትኛውን ኖታ እንደሚቆጥር አትገምቱ። የእግራችሁን ምት 15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት።

ደረጃ 5፦ ድምፁ ሳይለወጥ አጻጻፉን መቀየር (6/8 ወደ 2/4)

እያንዳንዱን የእግር ምት ለብቻው ያዙ። ከግራ ወደ ቀኝ እንዲህ ተኩ፦

- ባለ ነጥብ ሩብ → ሩብ
- ሦስት ስምንተኛ → የሦስት ስምንተኛ ትሪፕሌት (ሦስት እኩል ድምፅ በሁለት ኖታ ቦታ)
- ሩብና ስምንተኛ → ሩብና ስምንተኛ በትሪፕሌት ቅንፍ ውስጥ
- ባለ ነጥብ ግማሽ → ግማሽ
- ዱፕሌት (ሁለት እኩል ድምፅ በአንድ ምት) → ሁለት ተራ ስምንተኛ

አንድ የተለየ ነገር አለ። ዜማው አንዳንዴ በ6/8 ባር ውስጥ ሦስት ሩብ ኖታ እኩል ይዘረጋል፤ ከበሮው በሁለት እየሄደ ዘፋኙ በሦስት ይሄዳል። እዚህ ላይ የምት በምት አሠራሩ አይሠራም፤ መካከለኛው ኖታ ሁለቱን ምቶች ይሻገራል። በ2/4 ሦስት ሩብ ኖታዎችን በአንድ ትሪፕሌት ቅንፍ ጻፉ፤ ባሩን ሙሉ ይይዛሉ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ሁለት ባር በ6/8፦

ባር 1፦ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ከዚያ ሦስት ስምንተኛ።
ባር 2፦ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ባለ ነጥብ ሩብ።

በ2/4፦

ባር 1፦ ትሪፕሌት (ሩብ፣ ስምንተኛ)፣ ትሪፕሌት (ሦስት ስምንተኛ)።
ባር 2፦ ትሪፕሌት (ሩብ፣ ስምንተኛ)፣ ሩብ።

ሁለቱን በተራ አጨብጭቡ። ልዩነት ከሰማችሁ ተሳስታችኋል።

ወረቀቱ በትሪፕሌት ቅንፍ ከተጨናነቀ አንባቢውን ያደክማል። ያኔ አናቱ ላይ «ሁለት ስምንተኛ = ሩብና ስምንተኛ በትሪፕሌት» የሚል ምልክት አድርጉና ውስጡን ተራ ስምንተኛ ጻፉ። ይህ የሚሆነው ግን ዘፈኑ በአብዛኛው ረጅም-አጭር ሲሄድ ነው። ሙሉ «አበባ» የበዛበት ዘፈን ከሆነ ቅንፉ ቢቀር ይሻላል ብላችሁ አታስቡ፤ በ12/8 ጻፉትና ተገላገሉ።

ደረጃ 6፦ ቀጥ ያለውን ማወዛወዝ (4/4 ወደ 12/8)

አዲስ ቃል እንጨምር፦ «ቡ-ኡ-ና»። «ቡ» ሁለት ቦታ ይይዛል፣ «ና» አንድ። ድምፁ ቡና ነው፣ ቦታው የአበባ ነው። ይህን ቅየራ የሚሸከመው ይህ ቃል ነው።

1. እያንዳንዱን ሩብ ባለ ነጥብ ሩብ አድርጉት።
2. ሁለት ስምንተኛን ሩብና ስምንተኛ አድርጉ። ቡና ቡ-ኡ-ና ሆነ።
3. ነጥብ ያለው ስምንተኛና አሥራ ስድስተኛም እዚያው ይግቡ፦ ሩብና ስምንተኛ።
4. ስምንተኛና ሁለት አሥራ ስድስተኛን ሩብና ሁለት አሥራ ስድስተኛ አድርጉ።
5. ሁለት አሥራ ስድስተኛና ስምንተኛን ሦስት ስምንተኛ አድርጉ። አበባ።
6. አራት አሥራ ስድስተኛ ሲመጣ ቆሙ። አራቱ ሦስት ቦታ ላይ አይቀመጡም። ወይ ስምንተኛ፣ አሥራ ስድስተኛ፣ ስምንተኛ፣ አሥራ ስድስተኛ አድርጓቸው፣ ወይም አንዱን ኖታ ጣሉና ሦስት ስምንተኛ አድርጉ። መሣሪያ ከሆነ የመጀመሪያውን፣ ዘፋኝ ከሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ዘፋኙ ግን ቃል መጣል ስለማይችል ፊደሉን ወደ ጎረቤት ኖታ አስጠጉለት።

ከምት ወደ ምት የሚሻገረው ኖታ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ4/4 «ስምንተኛ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ» የሚል ካለ መሃሉ ሩብ ሁለት ምት ይሻገራል። እሱን እንዳለ ባለ ነጥብ ሩብ ብታደርጉት ባሩ ይሞላል፣ ምቱ ግን ወረቀቱ ላይ ይጠፋል። መጀመሪያ ሰንጥቁት፦ ስምንተኛ ከስምንተኛ ጋር በቀስት የተያያዘ። ከዚያ እያንዳንዱን ግማሽ በሕጉ ቀይሩ። ውጤቱ፦ ሩብ፣ ስምንተኛ ከሩብ ጋር በቀስት የተያያዘ፣ ስምንተኛ። ቁጠሩት፤ ስድስት ስምንተኛ ይሞላል።

ዕረፍትም እንደ ድምፅ ነው የሚቀየረው። የስምንተኛ ዕረፍት ምቱ መጀመሪያ ላይ ከሆነ የሩብ ዕረፍት ይሆናል፤ ምቱ መጨረሻ ላይ ከሆነ ስምንተኛ ሆኖ ይቀራል።

ደረጃ 7፦ ችክችካን ቀጥ ማድረግ (6/8 ወደ 4/4)

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ረጅም-አጭር የሆነው በቀላሉ ይመለሳል፤ ቡ-ኡ-ና ቡና ይሆናል። ችግሩ አበባ ነው። ሦስት እኩል ድምፅ ሁለት ወይም አራት ቦታ ላይ እኩል አይገባም። ስለዚህ አንዱ ድምፅ መርዘም አለበት። የትኛው? ሦስት ምርጫ አላችሁ፦

- የመጀመሪያው ይርዘም፦ ስምንተኛ፣ አሥራ ስድስተኛ፣ አሥራ ስድስተኛ።
- መካከለኛው ይርዘም፦ አሥራ ስድስተኛ፣ ስምንተኛ፣ አሥራ ስድስተኛ።
- የመጨረሻው ይርዘም፦ አሥራ ስድስተኛ፣ አሥራ ስድስተኛ፣ ስምንተኛ።

ሦስቱንም በአፋችሁ ሞክሩ፦ «አ—በባ»፣ «አበ—ባ»፣ «አበባ—»። የትኛው ዜማውን እንደሚመስል ጆሯችሁ ይነግራችኋል። አንድ ሐረግ ውስጥ ከአንድ በላይ ምርጫ መጠቀም ይቻላል፤ ሐረጉ ሲደገም ግን ያንኑ ድገሙ። አለበለዚያ ተቀባዮቹ እየተሳሳቱ ይቸገራሉ።

የደረጃ 5ን ምሳሌ እንመልሰው። ባር 1፦ ሁለት ስምንተኛ፣ ከዚያ አሥራ ስድስተኛ፣ ስምንተኛ፣ አሥራ ስድስተኛ። ባር 2፦ ሁለት ስምንተኛ፣ ሩብ። ሁለቱ አንድ ላይ አንድ የ4/4 ባር ሆኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ሥራ ለኳንታይዝ (ኖታዎቹን ወደ ቅርቡ የግሪድ መስመር ለሚጎትተው የፕሮግራም ትእዛዝ) አትስጡት። 2/4 ፕሮጀክት ውስጥ ያለ ትሪፕሌት ላይ ግሪዱን 1/16 አድርጋችሁ ኳንታይዝ ብትሉ ፕሮግራሙ ሁልጊዜ መካከለኛውን ነው የሚያስረዝመው። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። የትሪፕሌቱ ሁለተኛ ድምፅ ከምቱ ሲሶ ላይ ይወድቃል፤ ለሲሶ ቅርቡ ሩቡ ነው። ሦስተኛው ሁለት ሲሶ ላይ ይወድቃል፤ ቅርቡ ሦስት ሩብ ነው። ዘፈኑ በሙሉ «አበ—ባ አበ—ባ» እያለ ይሄዳል። ሰዎች «ኮምፒውተሩ ዘፈኑን ገደለው» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህን ነው።

ቀጥ ያለው ከችክችካው የቀዘቀዘ መስሎ ቢሰማችሁ አትገረሙ። በ120 ላይ አበባ በደቂቃ 360 ድምፅ ነው፣ ቡና 240። መጀመሪያ በዚያው ቴምፖ ጨርሱ። ከዚያ በ4 በ4 እያሳደጋችሁ ስሙ።

ደረጃ 8፦ ግጥሙን ፈትሹ

አማርኛ ላይ ይህን መዝለል አይቻልም። ጥብቀትና ልልነት ትርጉም ይቀይራሉ። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ መኖር ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው።

1. ግጥሙን ያለ ዜማ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አድርጉ።
2. ከሚጠብቀው ፊደል በፊት ያለው ፊደል ረጅም ኖታ ላይ መቀመጡን አረጋግጡ። በ12/8 ሩቡ ላይ፣ በ4/4 ስምንተኛው ላይ።
3. የሚላላው ቃል ረጅም ኖታ ላይ ወድቆ የጠበቀ ከመሰለ፣ በደረጃ 7 ካሉት ሦስት ምርጫዎች ሌላውን ውሰዱ።

ቅኝቱ በዚህ ሁሉ አይነካም። ባቲ የነበረው ባቲ ነው፣ አምባሰልም አምባሰል። ስለዚህ ቃሉ አልገጥም ሲል ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ አትፈልጉት፤ መፍትሔው ርዝመቱ ላይ ነው።

ሲበላሽ

*ባሩ ሞልቷል፣ ግን እግሬ ይስታል።* ምት የሚሻገር ኖታ ሳይሰነጠቅ ቀርቷል። የሁለተኛው ምት መነሻ ላይ ቀጥ ያለ መስመር በእርሳስ አስምሩ። መስመሩን የሚያቋርጠውን ኖታ ሁሉ ሰንጥቃችሁ በቀስት አያይዙ።

*ዘፈኑ ቫልስ ሆነ።* 6/8 ለማለት 3/4 ጽፋችኋል። ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ፣ ኖታዎቹን የሚያያይዙትን መስመሮች ሦስት ሦስት አድርጉ።

*ድራመሩና ቤዙ ይለያያሉ።* ወረቀቶቹ አንዱ በ2/4 ሌላው በ6/8 ከሆነ ችግር የለውም፤ የእግር ምቱ አንድ ነው። አስቆጥሯቸው። አንዱ «አንድ ሁለት»፣ ሌላው እስከ ስድስት የሚቆጥር ከሆነ በእግር ምት ብቻ እንዲቆጥሩ አድርጉ።

*ኤኮው ከምቱ ጋር ይጋጫል።* ፕሮጀክቱን ከ120 ወደ 180 ስታሳድጉ ሩብ ላይ የነበረው ዲሌይ (ኤኮው የሚመለስበት ጊዜ) ከ500 ሚሊ ሰከንድ ወደ 333 ገደማ ወርዷል። ባለ ነጥብ ሩብ አድርጉት፤ ወደ 500 ይመለሳል።

*ሚዲው (ኮምፒውተር ላይ የተመዘገበው ኖታ) ሁሉ ተዘበራረቀ።* ፕሮጀክቱን ቀይራችሁ ኖታዎቹን አልጎተታችሁም። ሩብ ኖታን በ480 ቲክ (ጥቃቅን ክፍል) በሚቆጥር ፕሮግራም ስምንተኛ 240 ቲክ፣ የትሪፕሌት ስምንተኛ 160 ቲክ ነው። ከ6/8 ወደ 2/4 ስትሄዱ ሁሉንም ኖታ መርጣችሁ በሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም ወደ 66.67 በመቶ አሳጥሩ። ስትመለሱ ወደ 150 በመቶ አስረዝሙ። ከመንካታችሁ በፊት ግን ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጡ። ክፍልፋዩ ተጠጋግቶ ኖታዎቹ በአንድ ሁለት ቲክ ሊንሸራተቱ ይችላሉ፤ ወደ 2/4 ቀይራችሁ ስትጨርሱ ግሪዱን ትሪፕሌት አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ኳንታይዝ በሉ። እዚህ ቦታ ላይ ኳንታይዝ ጠቃሚ ነው።

*ሁሉም ትክክል ነው፣ ግን ሕይወት የለውም።* ድምፅ መቅጃውን ክፈቱ። ወረቀቱን ሳታዩ እግራችሁን እየመታችሁ ዜማውን በአዲሱ ምት አንጎራጉሩ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ቅጂውን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። አፋችሁ ሦስቱንም ጊዜ ከወረቀቱ የተለየ ቦታ ላይ ኖታ ካስቀመጠ፣ ወረቀቱን አጥፉና አፋችሁ ያለውን ጻፉ።